እጅ የሚያልፍበት ወገብ

ጋሽ ምቾት፣ ሰው በጀርባው የሚጋደመው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሲተኛ፣ ሲታመምና ሲሞት። አራተኛውን የጨመረችው ሚስቱ ናት። ለዚህም ይቅር ሊላት አልፈለገም።

ምቾት እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ያወጡለት የመንገዱ ባለሱቆች ናቸው፤ ፍራሽ ሲሸጥ ከአፉ የማይለየው ቃል እሱ ስለሆነ። በሱቁ ውስጥ ፍራሹ በቁሙ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። መሐል ላይ ላስቲኩ ያልተገፈፈ የማሳያ ፍራሽ አልጋ ላይ ተዘርግቷል። ደንበኛ ሲገባ «ይተኙበት፣ ይተኙበት፤ ፍራሽ በዓይን አይገዛም» ይላል። ደንበኛው ጫማውን አውልቆ፣ የተቀደደውን ካልሲ በደኅናው ሥር እየሸጎጠ ይጋደማል። ያን ጊዜ ጋሽ ምቾት ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከሰውየው ወገብ ሥር ባለው ክፍተት ይሰድዳል። እጁ ሲያልፍ ፊቱ ይጠቁራል፤ መርዶ ነጋሪ ይመስላል።

«አዩ? እጄ አለፈ። እጅ የሚያልፍበት ወገብ ዛሬ ባያምዎት ነገ ከዘራ ያስይዝዎታል።»

ከዚያ ወደ ወፍራሙ ፍራሽ ያዛውረዋል። ወፍራሙ ላይ እጁ አያልፍም። እንዴት ያልፋል? እዚያኛው ላይ የሚሰድደው በስሱ ነው።

እሱ ራሱ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው ፊት ተጋድሞ አያውቅም። «የተጋደመ ሰው ይገዛል እንጂ አይሸጥም» ይላል።

ሚስቱ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ቀኑን ሙሉ የተጋደመ ሰው አፍ ላይ አጎንብሳ ምራቅ ትመጥጣለች፣ መብራት ታስተካክላለች፣ ጉጠት ታቀብላለች። ነገሩን ላስተዋለው፣ ባልም ሚስትም ሰው አጋድመው የሚበሉ ናቸው። ታዲያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሚስት ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ ፀጉሯ ረጥቦ፣ አንገቷ በርበሬ መስሎ ገባች።

«አንገትሽ ምን ሆነ?» አላት ማንኪያውን አስቀምጦ።

«ኮሌታዬን ይዛኝ ነው።»

«ማን?»

«አንዲት የሒሳብ አስተማሪ።»

«ምን አድርገሻት?»

«ምንም። ትግል ጀምሬያለሁ። የብራዚል ጁጂትሱ ይባላል።»

«ካራቴ ነው?»

«አይደለም፤ ምት የለውም፤ መያዝ ነው። ዛሬ ጋርድ ተማርን። በጀርባህ ትተኛለህ። ሰውየው እግሮችህ መሐል ይንበረከካል። ወገቡን በእግርህ ትከብና ከኋላው ቁርጭምጭሚትህን አጣምረህ ትቆልፋለህ። በቃ፤ መሄጃ የለውም።»

ጋሽ ምቾት ማንኪያውን እንደገና አነሳና እንደገና አስቀመጠው።

«ቆይ፣ ቆይ። ከሥር ያለሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ከላይ ያለው እሱ ነው?»

«አዎ።»

«እና መሄጃ የሌለው ማን ነው?»

«እሱ ነዋ!»

አብረዋቸው የሚኖሩት የእሱ እናት፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የታጠበ ካልሲ ያጣምሩ ነበር። ቀና አላሉም። «ከሥር ሆኖ መያዝ ምን ያስገርማል?» አሉ። «እኔስ አባትህን ያን ያህል ዘመን በምን የያዝኩት መሰለህ?»

ጋሽ ምቾት ትን አለው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የወሬ ድርቅ አላገኘውም። ለጎረቤቱ መስታወት ቆራጭ ነገረው። ለመጋረጃ ሻጯ ነገራት። ትራስ ብቻ ሊገዛ ለገባ፣ ለማያውቀው ሰው ሳይቀር ነገረው። «ባለቤቴ ስፖርት ጀምራለች» ይላል፣ ድምፁን እንደ ሐዘንተኛ ዝቅ አድርጎ። «ምን ዓይነት?» ሲሉት «መጋደም» ይላል። «ተጋድሞ ማሸነፍ ነው አሉ። ለዚህ ታዲያ ከቤት ምን አስወጣት? ባሏ እንደሆነ የፍራሽ ድሀ አይደለም።» መስታወት ቆራጩ ይስቃል። መስታወት ቆራጩ ግን በሁሉም ነገር ይስቃል፤ ጣቱን የቆረጠ ቀንም ስቋል።

የባሰው የሚስቱ እህት ቤት ምሳ የተጠሩ ዕለት ነው። ጋሽ ምቾት የሶፋ ትራስ ጭኖቹ መሐል አጣብቆ፣ ያውም ቆሞ፣ እያሳየ ቤቱን አሳቀው። «ጦርነት ብትዘምት» አለ፣ «ጠላት ገና ከሩቅ ብቅ ሲል በጀርባዋ ዘፍ ትላለች። ጠላትም 'ምን አገኛት?' ብሎ ውኃ ሊያመጣላት ሲሮጥ እኛ ከተማውን እንይዛለን።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች፤ በጥርሷ ብቻ። ሥራዋ ጥርስ ስለሆነ ጥርስ ማሳየት አይቸግራትም።

ቤት ሲመለሱ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር የሳሎኑን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ገፋችው። ጫማዋን ወርወር፣ ወርወር አድርጋ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች።

«ና።»

«የት?»

«ና ግባ እንጂ! ጠላት አይደለህ?»

«ኧረ ሰው ምን ይላል?»

«ማን ሰው አለ? እማማ ብቻ ናቸው።»

«እኔ ምንም አላይም» አሉ እናቱ፤ መነጽራቸውንም ፈልገው አደረጉ።

ጋሽ ምቾት ኮቱን አውልቆ በሥርዓቱ አጠፈና ተንበረከከ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ የተባለውን ያውቃል። ችግሩ፣ በሬው ሌላ ሰው መስሎት ነው የኖረው። እግሮቿ ወገቡን ከበቡት፤ ከኋላው የሆነ ነገር ሲቆለፍ ተሰማው።

«እሺ፤ አሁንስ?» አለ እየሳቀ።

«አሁን ተነስ።»

ሊነሳ ሞከረ። ከመሬቱ ትንሽ ከፍ አለ፤ እሷም አብራው ከፍ አለች፤ ከዚያ ሁለቱም ተመልሰው ዘጭ አሉ። ጉልበቶቿን ገፋ። አልሆነም። ደረቷን ሊገፋ እጁን ዘረጋ፤ እጅጌውን ይዛ ወደ ጎን ሳበችውና ግንባሩ ከጆሮዋ አጠገብ ምንጣፉን መታ። የገዛ ምንጣፉን ያን ያህል ቀርቦ አይቶት አያውቅም። የብስኩት ፍርፋሪ ነበረበት።

«ልቀቂው እንጂ» አሉ እናቱ። «ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ደም ብዛት አለበት።»

«የለብኝም!» አለ። ድምፁ የወጣው ከምንጣፉ ውስጥ ነው።

ሲለቀቅ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። «በልቼ ስለሆነ ነው» አለ። «በዚያ ላይ ሱሪው ጠባብ ነው። ደግሞም እኔ ሴት ላይ ጉልበት አልጠቀምም።»

«መቼ ነው የምትጠቀመው ልጄ?» አሉ እናቱ፣ ከልብ ማወቅ የፈለጉ ይመስላሉ።

ይህች ጥያቄ ነች ያበላሸችው። ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ሊያልፍ ይችል ነበር። ጋሽ ምቾት ግን ዝም ማለት ያለበት ቦታ ላይ ዝም ብሎ አያውቅም።

«አንድ ወር ስጪኝ» አላት። «የዛሬ ወር፣ እዚሁ ምንጣፍ ላይ፣ እናቴ ባሉበት። ማንቆርቆሪያው ይጣዳል። ሳያፏጭ በፊት ይቺን ቁልፍሽን ፈትቼ ከተነሳሁ፣ ነገሩን እርግፍ አድርገሽ ትተዪያለሽ።»

«ካልተነሳህስ?»

«አፌን እዘጋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው።»

የእናቱ እጅ ካልሲ እንደያዘ ቀረ። «ይኼንንማ ሳላይ አልሞትም» አሉ።

ሚስቱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ወገቧን ደግፋ ነበር።

«ስማ» አለች። «እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ላይ ጎብጬ ነው የምውለው። ማታ ስገባ ይኼ ወገብ የእኔ አይመስለኝም፤ የሆነ ሰው አውሶኝ መልሺ የሚለኝ ነው የሚመስለኝ። እዚያ ስሄድ ብቻ ነው ቀና የምለው።»

«ተጋድመሽ ነው ቀና የምትዪው?»

«ተጋድሜ ነው ቀና የምለው። አይገባህም፤ ይቅር። እሺ ብያለሁ። ከተነሳህ እተወዋለሁ፤ ቃሌን እንደማልበላ ታውቃለህ።»

ያውቃል። ከተጋቡ ጀምሮ ሲጋራ አቁም ብላው አቁማለሁ ሲል የበላው ቃል የእሱ ነው፤ የእሷ አንድም የለም።

በማግስቱ «ሱቅ ቆጠራ ስላለብን አመሻለሁ» ብሎ ከተማውን አቋርጦ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ። ሚስቱ የምትማርበት አጠገብ ዝር ማለት አልፈለገም። ያገኘው ቦታ ድሮ ጋራዥ የነበረ አዳራሽ ነው፤ ጋራዥነቱ ከሽታው አልወጣም፣ በላዩ ላይ የእግር ሽታ ተጨምሮበታል። ወለሉ ላይ ሰማያዊ የስፖርት ምንጣፍ ተነጥፏል። ጋሽ ምቾት ሰላምታ ከማቅረቡ በፊት ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን በአውራ ጣቱ ተጫነው።

«ይኼ ስፖንጅ ሞቷል» አለ።

አሰልጣኙ አጭር፣ ጆሮዎቹ እንደተረገጠ እንጉዳይ የተጨማደዱ ሰው ነው። «ከሞተ ቆየ ጋሼ፤ ሐዘኑንም ጨርሰናል» አለው። «ምን ልርዳዎት?»

«ጋርድ መክፈት ነው የምፈልገው። እሱን ብቻ። ሌላው ይቅርብኝ።»

«መዝጋቱን ያውቁታል?»

«መዝጋት አልፈልግም አልኩ እኮ!»

«በር ዘግቶ የማያውቅ ሰው ከምኑ ጀምሮ ይከፍታል?» አለ አሰልጣኙ። «ይተኙ ጋሼ። ይተኙበት።»

ጋሽ ምቾት ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው ኖሯል፤ ሰው ተናግሮት ሲሰማ ግን የመጀመሪያው ነው። ዞር ብሎ በሩን አየ። ከበሩ ይልቅ የእናቱ ጥያቄ ታወሰው። ተጋደመ።

ከተጋደሙበት ሆነው ሲያዩት ዓለም ጣሪያ ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ውኃ የሠራው ቡኒ ካርታ ነበር። ካርታውን አንድ ትልቅ ፊት ጋረደው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የልምምድ ጓደኛ እንዲሆነው የተመደበለት። የሰውየው ክብደት የሁለት ሰው፣ ሽታው የሁለት ቤት ነበር።

«አይዞህ ወንድሜ» አለው እግሮቹ መሐል እየተንበረከከ። «እኔም መጀመሪያ ቀን አፍሬ ነበር። በሁለተኛው ቀን የሚያፍሩበት ትንፋሽ አይተርፍም።»

«ይቆልፉ» አለ አሰልጣኙ።

ጋሽ ምቾት ቆለፈ። ጭኖቹ እስኪንቀጠቀጡ ጨመቀ። ቧንቧ ሠራተኛው ስለ አየሩ ጠባይ ያወራ ነበር።

«ጋሼ፣ ለውዝ እየሰበሩ አይደለም» አለ አሰልጣኙ። «ጋርድ በጭን ጉልበት አይያዝም። ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይ፣ ከቀበቶው በላይ ያውጡት። ጉልበትዎን ወደ ራስዎ ሲስቡ ሰውየው አብሮ ይሳባል። አንድ እጅዎ ኮሌታው ውስጥ ጠልቆ ይግባ፤ አንዱ እጅጌውን ይያዝ። ቀና እንዳይል ነው ነገሩ። ቀና ያለ ይከፍታል፤ የጎበጠ ይታሰራል። በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ሌላው ላብ ነው።»

ከዚያ አሰልጣኙ አጠገቡ ቁጢጥ አለና እጁን ከጋሽ ምቾት ወገብ ሥር ሰደደው። እጁ በዚህ ገብቶ በዚያ ወጣ።

«አዩ?» አለ። «እጄ አለፈ።»

ጋሽ ምቾት ይህን ንግግር ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። ፊት ማጥቆሩ ሳይቀር የእሱ ነው። ልዩነቱ ሰውየው ፍራሽ አይሸጥም፤ ስለዚህ እጁን የሰደደው እንደ እውነቱ ነው።

«ዳሌዎ ከሰውየው ርቆ መሬት ላይ ከተኛ፣ ወገብዎ ሥር ዋሻ ይሠራል። ዳሌዎን ጠቅልለው ወደ እሱ ያስጠጉት፤ ዋሻው ይሞላል። እጅ ካለፈ ሰውም ያልፋል ጋሼ። ይኼን ከያዙ ሌላውን ቢረሱትም ይቅር እልዎታለሁ።»

ወሩ በዚህ ሁኔታ ሄደ። ጋሽ ምቾት አንድም ነገር ሳያወድስ ተማረ። አሰልጣኙን ናቀ፤ ጆሮውን ማዳን ያልቻለ ሰው ምን ያስተምራል አለ። ቧንቧ ሠራተኛውን ናቀ፤ የሚናቅበትን ባያገኝ ካልሲውን ናቀ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ በሌሎች ጋርድ ላይ አስተያየት መስጠት ጀመረ።

«እስቲ ያንን ልጅ እዩት! ጋርድ ዘጋሁ ብሎ ነው? በሩን ከፍቶ 'ግቡ፣ ቤቱ የእናንተ ነው' እያለ እኮ ነው!»

«ጋሼ፣ ከመጡ ገና ሁለት ሳምንትዎ ነው» ይለዋል አሰልጣኙ።

«ጉድለት ለማየት ስንት ሳምንት ይፈጃል?»

አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። የሚያናድደው ሰውየው መሳደቡ አይደለም፤ ትክክል መሆኑ ነው። ሰው ተጋድሞ ማየት የኖረበት ሥራው ስለሆነ፣ የዳሌና የወገብ ነገር ዓይኑን አያመልጠውም።

ቤት ውስጥ ግን ቆጠራው ጥያቄ ማስነሳቱ አልቀረም።

«ቆጠራው አንገትህን ላጠው እንዴ?» አለችው ሚስቱ አንድ ማለዳ።

«ካርቶን ነው።»

«ካርቶኑ ጥፍር አለው?»

«ዘንድሮ» አሉ እናቱ ዳቦአቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ፣ «ካርቶኑም ከፍቷል።»

በመጨረሻው ሳምንት አሰልጣኙ መክፈቻውን አሳየው። ጀርባን ማቅናት፣ ክርንን መሰብሰብ፣ ሁለት እጅን ከሥር ባለው ሰው ዳሌ ላይ መትከል፣ አንድ እግር ማንሳት፣ ሌላውን ማንሳት፣ መቆም፣ ከዚያ የሰውየውን ጉልበት ወደ ታች መግፋት። የቧንቧ ሠራተኛው እግሮች እንደ ላላ ማጠፊያ ተፈልቅቀው ወደቁ። ጋሽ ምቾት በዚያ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ለብቻው ፈገግ እያለ ተመለሰ። የሚናገረውን አዘጋጅቶ ጨርሷል፤ «አሁን ያንን ነጭ የትግል ጃኬትሽን ለመወልወያ አድርጊው» ነው የሚላት። «ለመወልወያ» የምትለዋን ቃል ጎተት አድርጎ እንዴት እንደሚላት እንኳ ተለማምዶባታል።

ቀኑ ደረሰ። ሚስቱ የገባችው አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድ የመንጋጋ ጥርስ አልነቀል ብሎ ሐኪሙን አላብቶት ነበር፤ እሷም መብራቱን ይዛ እንደ ቅስት ጎብጣ ቆይታለች። እናቱ ከምሳ ጀምሮ መነጽራቸውን አድርገው ሶፋው ላይ ተሰይመዋል።

«ካመመሽ ሌላ ቀን ይሁን» አለ ጋሽ ምቾት። «ኋላ ወገቤን አሞኝ ነው ትዪያለሽ።»

«ጠባብ ሱሪ የለበስኩ እኔ አይደለሁም» አለች። «ማንቆርቆሪያውን ጣድ።»

ጣደው። እሷ ምንጣፉ ላይ ተጋደመች። እሱ ተንበረከከ፤ ጀርባው ቀጥ፣ ክርኖቹ ስብስብ ያሉ ናቸው። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው።

«እንዲህ ተንበርከክ ያለህ ማን ነው?»

«ተፈጥሮ ነው።»

«ተፈጥሮ ባለፈው ወር የት ሄዳ ነበር?» አሉ እናቱ። «ጀምሩ በሉ፤ ውኃው አይጠብቅም።»

ቆለፈችው። ኮሌታውን ይዛ ሳበች፤ አልጎበጠም። እጅጌውን ሳበች፤ ክርኑን ሰበሰበ። ሁለት እጁን ዳሌዋ ላይ ተከለ። ፊቷ ላይ መጀመሪያ መገረም፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር አለፈ። ሌላው ነገር ፍርሃት ነበር። የትግል ቀኖቿ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ያቺ ቀና የምትልባት ምንጣፍ፣ ሲሄዱባት ታዩዋት። ጭኖቿን አጠበቀች። ለውዝ ትሰብር ጀመር። ማንቆርቆሪያው ከወጥ ቤት ማጉረምረም ጀምሯል፤ ፉጨቱ ግን ገና ሩቅ ነው።

ጋሽ ምቾት አንድ ጉልበቱን አነሳ። ሁለተኛውን ከማንሳቱ በፊት ቀኝ እጁ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት የሱቅ ልማድ፣ ከወገቧ ሥር ገባ።

አለፈ። ሳይገፋው፣ እስከ አንጓው አለፈ። ወገቧ እንደ ጣውላ ደርቆ መሬቱ ላይ ዋሻ ሠርቷል፤ ዳሌዋ ከእሱ ርቋል። ዘመኑን ሙሉ ብዙ የታመመ ወገብ ዳስሷል፤ እንዲህ ያለ የደከመ አጋጥሞት አያውቅም። የቀረው መቆም ብቻ ነው። አሸንፏል። «ለመወልወያ» የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ተቀምጣለች።

ግን እጁን ተመለከተው። ከዚያ እሷን ተመለከታት። ከዚያ ከእግር ጥፍሩ ጀምሮ የሆነ ነገር እየነደደው መጣ። ለዚህ ነው? ለዚህ ጋርድ ነው አንድ ወር ሙሉ የውኃ ካርታ ሲያይ፣ ሁለት ቤት የሚሸት ሰው ተሸክሞ የከረመው? እንዲህ ያለውን ተልካሻ ሥራ ከፍቶ፣ ከፈትኩ ብሎ ለመስታወት ቆራጩ ሊያወራ?

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«ምኑ?»

«ይኼ! ጋርድ ነው ይኼ? እጄ እኮ አለፈ!»

«ምን አለፈ?»

«እጄ! እዪው! እጅ ካለፈ ሰው ያልፋል፤ አልነገሩሽም? ዳሌሽ የት ነው ያለው? እኔ እዚህ፣ ዳሌሽ እዚያ፤ ተጣልተን ነው? ጠቅልለሽ አስጠጊው እንጂ!»

ሚስቱ ለአፍታ አየችው። ከዚያ ዳሌዋን ጠቅልላ አስጠጋች። ጣውላው ለዘብ አለ፤ ዋሻው ሞላ። የጋሽ ምቾት እጅ እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ ወጣ።

«እንደሱ ነው! እግርሽ ደግሞ ምን ይጎተታል? ከቀበቶው በላይ! በጭንሽ አትጨምቂ፤ ለውዝ ነኝ? ጉልበትሽን ወደ ራስሽ ሳቢው! ሳቢ! እኔን ትተሽ ማንን ነው የምትጠብቂው?»

ሳበች። ጋሽ ምቾት እንደተበጠሰ መጋረጃ ላይዋ ላይ ወረደ። አፍንጫው ኮሌታዋ ውስጥ ገባ፤ አፉ ግን አልተዘጋም።

«ኮሌታዬን ጠለቅ አድርገሽ ያዢ፤ ጫፉን አይደለም! ጫፍ የሚይዝ ልብስ የሚያሰጣ ነው! ያስተማረሽ ሰውዬ ደንቆሮ ነው፤ ሄደሽ ንገሪው፤ ደንቆሮ!»

ጠለቅ አድርጋ ያዘች። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ምቾት ለመነሳት ያሰበው። ጀርባውን ሊያቀና ሞከረ፤ ጀርባው የለም። እግሩን ሊያነሳ ሞከረ፤ ጉልበቶቿ አስቀድመው ሳቡት። ክርኑ፣ አንገቱ፣ ወገቡ፣ እያንዳንዱ በየስሙ ታስሯል። የሚያውቀው ሁሉ ከሥሩ ሆኖ ይዞታል።

ማንቆርቆሪያው አፏጨ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ» አሉ እናቱ በረዥሙ ተንፍሰው። «የእኔ ልጅ ግን የያዘውን ለቅቆ፣ እንዴት እንደሚያዝ ያስተምራል።»

ሚስቱ አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች። «ቆጠራው እንዴት ነበር?»

ጋሽ ምቾት ክርኑን ሊያስለቅቅ ታገለ።

«ካርቶኖቹስ ደኅና ናቸው?»

«ልቀቂኝ።»

«ማክሰኞ እሄዳለሁ።»

«ሂጂ። ማን ያዘሽ?» አለ። ማን ማንን እንደያዘ ለሁሉም ግልጽ ነበር። «አሁን ልቀቂኝ፤ አፌን ልዝጋ። ቃል ገብቻለሁ።»

ሳትለቀው ትንሽ ቆየች። ወገቧ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የእሷ ሆኗል። ይህን አልነገረችውም።

«አፍህን የምትዘጋው ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ነው» አለች። «እማማ፣ አፏጭቷል እንዴ?»

ፉጨቱ ቤቱን ሰንጥቆ ደረጃው ድረስ ወርዷል። እናቱ አንድ ካልሲ አንስተው ጥንዱን በእርጋታ መፈለግ ጀመሩ።

«እኔ ምንም አልሰማም» አሉ።

«ይኸው፤ አላፏጨም። ጨርስ በል። ኮሌታውን ከያዝኩ በኋላስ?»

ጋሽ ምቾት ከኮሌታዋ ውስጥ ረዥም፣ ንቀት የሞላበት ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ከኮሌታው በኋላማ እጅጌ ነዋ!» አለ። «ይኼንንም አላስተማረሽም? ጉድ እኮ ነው። ያዢ እሺ። እንደዚያ አይደለም! እንደዚህ...»

ለማንቆርቆሪያው የተነሳ ሰው አልነበረም። ውኃው ሲያልቅ ራሱ ዝም አለ።